ፈንጣጣ፦ ከአር-ራዚ መጽሐፍ እስከ መርካው ምግብ አብሳይ

ዛሬ ልጁን ትኩሳት ይዞት ሰውነቱ ላይ ሽፍታ ቢወጣ «ፈንጣጣ ይሆን?» ብሎ የሚደነግጥ ወላጅ የለም። አያቶቻችን ግን ይደነግጡ ነበር። ከባዱ የፈንጣጣ ዓይነት ከያዛቸው ሰዎች ወደ 30 በመቶ የሚሆኑትን ይገድል ነበር፤ ከሞት የተረፈውንም ፊቱን አቦርቡሮ፣ አንዳንዱን ደግሞ ዓይኑን አጥፍቶ ይተወው ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ብቻ ወደ 300 ሚሊዮን ሰው እንደጨረሰ ይገመታል። የሚገርመው፣ ይህ በሽታ ከምድር የጠፋው የያዘውን ሰው የሚያድን መድኃኒት ተገኝቶለት አይደለም። እንዴት እንደጠፋ፣ የመጨረሻ ምሽጉም የእኛው አካባቢ እንደነበር በዚህ ጽሑፍ እንመለከታለን። (ዘመኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ከአቡ በክር ሙሐመድ ኢብኑ ዘከሪያ አር-ራዚ እንጀምር። ዛሬ ቴህራን አጠገብ ባለችው ረይ ከተማ የተወለደው ይህ ሐኪም በረይና በባግዳድ ሆስፒታሎች ሠርቶ በ925 አካባቢ አርፏል። «አል-ጁደሪ ወል-ሐስባ» የተባለው መጽሐፉ ፈንጣጣንና ኩፍኝን በዝርዝር ለይቶ ያስቀመጠ ቀደምት ሥራ ነው። የጀርባ ሕመም በፈንጣጣ እንደሚበረታ፣ ጭንቀትና ማቅለሽለሽ ደግሞ በኩፍኝ እንደሚብስ ጽፏል። የበሽታውን መንስኤ ግን ስቶታል፤ የደም መፍላት ነው ብሎ ነበር። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ቫይረስን የሚያሳይ መሣሪያ ባልነበረበት ዘመን በሽተኛው አልጋ አጠገብ ተቀምጦ ያየውን በጥንቃቄ መመዝገቡ ነው መጽሐፉን ለዘመናት በላቲንና በሌሎች ቋንቋዎች እንዲነበብ ያደረገው።

ፈንጣጣ አንዴ ይዞ የለቀቀውን ሰው ዳግም እንደማይዘው ሕዝቡ ከሐኪሞቹ አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ስለዚህ በቻይና፣ በህንድ፣ በኦቶማን ግዛትና በአፍሪካ ከታመመ ሰው ቁስል መግል ወይም ቅርፊት ወስዶ ለጤነኛው መስጠት የተለመደ ነበር። በ1717 በኦቶማን ግዛት የነበረችው የእንግሊዝ አምባሳደር ሚስት ሌዲ ሜሪ ወርትሊ ሞንታጉ አሮጊቶች ይህን ሲያደርጉ አይታ ለወዳጇ ጻፈች፤ በ1718 የገዛ ልጇን እዚያው አስደረገችለት። በ1721 ደግሞ ለንደን ውስጥ ለሴት ልጇ አስደገመችው። በዚህ መንገድ የሚሞተው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው ነበር። ሆኖም የተደረገለት ሰው እውነተኛውን ፈንጣጣ ስለሚይዝ ለጎረቤቱ ሊያስተላልፍ ይችል ነበር። በአገራችንም ይኸው ልማድ እስከ 1970ዎቹ ድረስ ስለቀጠለ አንዳንድ ወረርሽኞችን አባብሷል።

ይህን ችግር የፈታው ኤድዋርድ ጄነር ነው። ግንቦት 14 ቀን 1796 ከአንዲት ላም አላቢ እጅ ላይ የላም ፈንጣጣ ፈሳሽ ወስዶ ለ8 ዓመት ልጅ ሰጠው፤ ልጁም ኋላ ፈንጣጣ ሲሰጠው አልታመመም። በእርግጥ እንዲህ ያለ ሙከራ ዛሬ በሕፃን ላይ ማንም አይፈቅድም።

ከዚያ በኋላ የቀረው ክትባቱን ለሁሉም ማድረስ ነበር፤ ይህም ከ170 ዓመት በላይ ፈጀ። የዓለም ጤና ድርጅት በ1967 ዘመቻውን ሲያጠናክር ሁለት ነገሮች ረዱት። አንደኛው፣ ደርቆ የተዘጋጀና ሙቀት የሚችል ክትባት፤ ሌላው፣ ጫፉ እንደ ሹካ ለሁለት የተከፈለ መርፌ፣ ማንም በጥቂት ደቂቃ ሥልጠና የሚጠቀምበት። ስልቱም ተለወጠ። አገሩን ሁሉ ከመክተብ ይልቅ በሽተኛውን ፈልጎ ማግኘት፣ ለይቶ ማቆየት፣ በዙሪያው ያሉትን መክተብ ተመረጠ። ፈንጣጣ ከሰው በቀር ሌላ መኖሪያ ስለሌለው ሰንሰለቱ ከተበጠሰ ያልቃል።

በኢትዮጵያ ዘመቻው የተጀመረው በ1971 ሲሆን በዚያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ በሽተኞች ተመዝግበዋል። እንደ ዕድል ሆኖ በእኛ አካባቢ የቀረው ገዳይነቱ አነስተኛ የሆነው ዓይነት ነበር። ችግሩ መንገድ ነው፤ ከታቢዎቹ በእግርና በበቅሎ ቀናት ይጓዙ፣ አንዳንዴም በሄሊኮፕተር ይገቡ ነበር። የመጨረሻዋ የአገራችን በሽተኛ ነሐሴ 1976 በባሌ የተገኘች የ3 ዓመት ሕፃን ናት።

በሽታው ግን ወደ ሶማሊያ ተሻግሮ ነበር። ጥቅምት 1977 መርካ ከተማ ሁለት የታመሙ ልጆችን ወደ ማቆያ የሚወስድ መኪና መንገድ ጠፍቶት የሆስፒታሉ ምግብ አብሳይ አሊ ማው ማሊን አብሮ ተሳፍሮ መራቸው። ጉዞው የደቂቃዎች ብቻ ነበር። መርፌው ያማል ብሎ ፈርቶ ክትባቱን አልወሰደም ነበር። ትኩሳት ሲይዘው መጀመሪያ ወባ፣ ቀጥሎም ጉድፍ መሰላቸው፤ ሽፍታው ፈንጣጣ መሆኑ ሲታወቅ ከተማው ቤት ለቤት ተፈተሸ፣ በሁለት ሳምንት ከ50 ሺህ በላይ ሰው ተከተበ። አሊ ዳነ፤ ከእርሱም ወደ ማንም አልተላለፈም።

በቀጣዩ ዓመት እንግሊዝ አገር ከቤተ ሙከራ ጋር በተያያዘ ተከስቶ አንዲት ሴት ከሞተችበት አጋጣሚ በቀር ሌላ አልታየም። ግንቦት 8 ቀን 1980 የዓለም ጤና ጉባኤ የፈንጣጣን መጥፋት አወጀ። (ዛሬ ወጣቶቻችን ክንድ ላይ የሚታየው ጠባሳ የሳንባ ነቀርሳ ክትባት እንጂ የፈንጣጣ አይደለም፤ ብዙዎች ይሳሳቱበታል።)

አሊ ኋላ የፖሊዮ ክትባት ዘመቻ ሠራተኛ ሆነ። ልጆቻቸውን ለማስከተብ የሚያመነቱ ወላጆችን ሲያገኝ የራሱን ታሪክ ይነግራቸው ነበር። በ2013 ፖሊዮ ወደ ሶማሊያ ሲመለስ ዳግም ወደ ሥራው ወጥቶ ሳለ በወባ ታሞ ሐምሌ 22 ቀን አረፈ።