አንዱ ብረት ብዙ ሲሆን

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዓመታት አንድ ትልቅ ኮምፒዩተር ክፍል የሚሞላ፣ ዋጋውም የማይቀመስ ስለ ነበረ፣ በመሣሪያው ለመሥራት ተራ መጠበቅ የመሐንዲሶች የዘወትር ዕጣ ነበር። በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በኬምብሪጅ ከተማ በነበረው የአይ.ቢ.ኤም. የሳይንስ ማዕከል ሮበርት ክሪሲ የመሩት ቡድን፣ እያንዳንዱ ተጠቃሚ ሙሉ ኮምፒዩተር ለብቻው የያዘ እንዲመስለው የሚያደርግ ተቆጣጣሪ ፕሮግራም ሠራ። ሲፒ-40 የተባለው ይህ ፕሮግራም በ1967 ሥራ ሲጀምር፣ በአንድ ሲስተም/360 ሞዴል 40 ላይ እስከ 14 ቨርቹዋል ማሽኖች ያስተናግድ ነበር። አንዱ ማሽን ቢበላሽ ጎረቤቱ አይነካም። የኩባንያው ይፋ ተስፋ ያረፈው ቲ.ኤስ.ኤስ. በተባለ ሌላ ሥርዓት ላይ ቢሆንም፣ ዕድሜ ያገኘው ግን ይኸው የኬምብሪጁ ሐሳብ ሆኖ በ1972 ቪ.ኤም./370 በሚል ስም ለደንበኞች ቀረበ።

በ1974 ጄራልድ ፖፔክና ሮበርት ጎልድበርግ አንድ ፕሮሰሰር ለዚህ ሥራ ብቁ የሚሆንበትን መመዘኛ አወጡ። ይኸውም የመሣሪያውን ሁኔታ የሚነካ ትእዛዝ ሁሉ ከተራ ፕሮግራም ሲመጣ ለተቆጣጣሪው ሳይደርስ ማለፍ የለበትም የሚል ነው። ኋላ ዓለምን ያጥለቀለቀው የኢንቴል ኤክስ86 ዘር ግን መመዘኛውን አያሟላም ነበር፤ በ2000 የቀረበ ጥናት በፔንቲየም ላይ ብቻ 17 አስቸጋሪ ትእዛዞችን ቆጥሯል። በ1998 የተመሠረተው ቪኤምዌር እነዚህን ትእዛዞች ፕሮግራሙ በመሮጥ ላይ ሳለ ወደ ሌላ እየተረጎመ መሰናክሉን ዞረው፤ ኢንቴል ራሱ በፕሮሰሰሩ ውስጥ መፍትሔ ያበጀው በ2005 ነው።

ለዛሬው ሥራ ግን የሚበልጠው ክንውን የ2003ቱ ነው። በዚያ ዓመት ቪኤምዌር ቪሞሽን የተባለውን ስልት ለገበያ አቀረበ። በጋራ ማከማቻ በተያያዙ አስተናጋጆች፣ ማለትም በአንድ ክላስተር ውስጥ፣ ቨርቹዋል ማሽኑ ሥራውን እየሠራ ሳለ ሜሞሪው ወደ ሌላው አስተናጋጅ ይገለበጣል፤ በዚያ መካከል የተለወጠው እንደገና ይገለበጣል፤ የቀረው ጥቂት ሲሆን ማሽኑ ለቅጽበት ቆሞ በአዲሱ ቦታ ይቀጥላል። በ2006 አማዞን ቨርቹዋል ማሽን በሰዓት በ10 ሳንቲም ዶላር ማከራየት ሲጀምር አገልግሎቱ የደመና ስም ወጣለት፤ ከደመናው በታች ያለው ግን ያው ብረት ነው።

ዝውውሩም የሚረዳው አስተናጋጁ በሕይወት ሳለ ነው። በድንገት ከወደቀ የተሸከማቸው ማሽኖች ሁሉ አብረው ይወድቃሉ፤ በሌሎች አስተናጋጆች ላይ እንደ አዲስ ቢነሡም በሜሞሪያቸው የነበረው አይመለስም። ለመነሣትም ቦታ ያሻል። እኩል አቅም ያላቸው አራት አስተናጋጆች የአንዱን ውድቀት የሚችሉት እያንዳንዱ ከሦስት አራተኛው በላይ ካልተጫነ ብቻ ነው። ይህ ሩብ በሰላሙ ቀን ሥራ ፈት ስለሚመስል ለአዳዲስ ማሽኖች እየተሰጠ ያልቃል፤ ያን ጊዜ የትኛው አገልግሎት ተነሥቶ የትኛው ተኝቶ እንደሚቆይ በእኩለ ሌሊት የሚወስነው ተረኛው መሐንዲስ ይሆናል።