ተረኛው ማን ነበር? በትምህርት ቤት ስለሚኖሩ እንስሳት ከአጣዬ የተነሣ የታሪክ ሐሳብ



የዛሬው ንግግሬ የተነሣው ከአንድ ደብዳቤ ነው። በዚህ የትምህርት ክፍል ያስተማርኳትና ዛሬ በአሜሪካ አገር ሕፃናትን የምታስተምር አንዲት ልጅ ከጥቂት ወራት በፊት ጻፈችልኝ። በመማሪያ ክፍሏ ሁለት ጊኒ ፒጎች አሉ። «ልጆቹ ይወዷቸዋል፤ እንስሳቱ ግን ተመችቷቸዋል ለማለት አልደፍርም። በእኛ አገር በትምህርት ቤት እንስሳ የማኖር ታሪክ አለ? ካለስ ምን ያስተምረናል?» ስትል ጠየቀችኝ። መልሱን ለመጻፍ ስቀመጥ የሄድኩት ወደ መዝገብ ቤት አልነበረም፤ ወደ ተወለድኩባት ወደ አጣዬ ነው።

አስቀድሜ ስለ እንስሳዋ ጥቂት ልበል። ጊኒ ፒግ ጅራት የሌላት፣ ከአይጥ የምትተልቅ፣ ከጥንቸል የምታንስ ሣር በል እንስሳ ናት። ስሟ የጊኒ አሳማ ቢላትም ከጊኒ አልመጣችም፤ አሳማም አይደለችም። አገሯ የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ነው። የዚያ አገር ሰዎች ከሺህ ዓመታት በፊት አላምደው ለምግብ አረቧት፤ በ16ኛው መቶ ዓመትም ወደ አውሮፓ ተሻገረች። በዚያም በአንድ በኩል የልጆች መጫወቻ፣ በሌላ በኩል የቤተ ሙከራ መሣሪያ ሆነች። ሮበርት ኮክ እ.ኤ.አ. በ1882 የሳንባ ነቀርሳን ተሕዋስ ሲያስታውቅ ማስረጃውን ያገኘው በእርሷ ሥጋ ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1907 ሆልስትና ፍሮሊክ የተባሉ ሁለት የኖርዌይ ተመራማሪዎች እህል ብቻ የተመገበች ጊኒ ፒግ በስከርቪ በሽታ እንደምትያዝ አረጋገጡ። ኋላ እንደታወቀው፣ እርሷም እንደ ሰው ቫይታሚን ሲን በሰውነቷ ማዘጋጀት አትችልም፤ ከአረንጓዴ ምግብ ማግኘት አለባት። ስለዚህ በፍቅር ብዛት እህል ብቻ የሚያጎርሳት ልጅ ሳያውቅ ያሳምማታል። ብቸኝነትም ሆነ ብርቱ ሙቀት ይጎዳታል። ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ ላይ ባዋለችው ደንብ ጊኒ ፒግን ብቻዋን ማኖርን ከልክላለች።

አሁን ወደ ይፋት እንውረድ። አጣዬ፣ በቀድሞ ስሟ ኤፌሶን፣ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ወደ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ የኤፍራታና ግድም ወረዳ ከተማ ናት። አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ የሚገናኙባት የደጋና የቆላ መጋጠሚያ ናት። ስለዚህ አገር በ14ኛው መቶ ዓመት የጻፈው አል-ዑመሪ ከሰብሉ ጋር ከብቱንም ይጠቅሳል። በዚህ ምድር ሰውና ከብት አብረው ኖረዋል፤ አብረውም አልቀዋል። በ1880ዎቹ መጀመሪያ የከብት በሽታ በሬውን ሲፈጀው ገበሬው ማረሻውን የሚስብለት አጥቶ በረኃብ ረገፈ። ዘመኑንም ክፉ ቀን አሉት።

በእንዲህ ያለ አገር የሚወለድ ልጅ እንስሳን የሚያውቀው ከፊደል በፊት ነው። በአምስትና በስድስት ዓመቱ ጥጃ ይጠብቃል፤ ከፍ ሲል ከብት ያግዳል። የእረኝነት ሥርዓቱም የተደነገገ ነው። ጎረቤታሞች ከብታቸውን ቀላቅለው በተራ ያግዳሉ። ተረኛው ቢታመም ቤተሰቡ ተተኪ ይልካል፤ ከብቱ ቢጠፋ የሚጠየቀው የታወቀ ነው። ክርስቲያኑ የሰንበት ዕረፍት ለበሬና ለአህያም እንደተሰጠ ይማራል። ሙስሊሙም ድመት አስራ፣ ሳታበላ፣ ወጥታም እንዳትበላ ከልክላ ስለገደለችው ሴት የሚናገረውን ሐዲስ ይሰማል። ሁለቱም ልጆች በአንድ ሜዳ ላይ ያግዱ ስለነበር ትምህርቱን ይዋዋሱት ነበር።

ዘመናዊ ትምህርት ቤት ሲመጣ ግን ይህን ልጅ ከሁለት አንዱን እንዲመርጥ አስገደደው። በ1901 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ከተከፈተ ወዲህ ተማሪ ማለት ከእረኝነት የወጣ ማለት እየሆነ ሄደ። እንስሳ ወደ ትምህርት ቤት የተመለሰው በሌላ በር ነው። በ1940ዎቹ ዓ.ም. የተቋቋሙት የጅማና የዓለማያ የእርሻ ትምህርት ቤቶች ዋይት ሌግሆርንና ሮድ አይላንድ ሬድ የተባሉትን የፈረንጅ ዶሮዎች አስገቡ። በደርግ ዘመን ደግሞ ትምህርት ለምርት ይሁን በተባለው መርሕ መሠረት በየትምህርት ቤቱ የጓሮ አትክልትና የርቢ ሥራ ተስፋፋ። እንስሳው የተመለሰው እንደ ምርት ወይም እንደ መርጃ መሣሪያ ነው። ያለ እረኛው ተመለሰ ማለት ነው።

ይህን የምለው ከራሴ ትዝታ ተነሥቼ ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ አምስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ስሙን በማልጠራው ትምህርት ቤት፣ መምህራችን ሦስት ጥንቸሎች አመጡልን። በሽቦ የታጠረ ሣጥን ተሠራላቸው፤ ከክፍላችን ጀርባ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀመጡ። እኛም ስም አወጣንላቸው፤ ከምሳችንም አካፈልናቸው። ክፍል የሚጠርግ ተረኛ ስሙ በሰሌዳ ላይ ይጻፍ ነበር፤ የጥንቸሎቹ ግን የሁላችን ስለነበሩ ተረኛ አልነበራቸውም። የመንፈቀ ዓመቱ ዕረፍት ደረሰና ሁላችንም ወደየቤታችን ሄድን። ስንመለስ የውኃ ጣሳው ደርቋል፤ ሦስቱም ሞተዋል። መምህራችን ከንብረት መዝገብ ሰረዟቸው። ያን ጊዜ ከወደ ቆላው የሚመጣ፣ ከትምህርት መልስ ፍየል የሚያግድ አንድ ጓደኛችን እጁን አወጣና «ጋሼ፣ ተረኛው ማን ነበር?» ሲል ጠየቀ። መልስ የሰጠው አልነበረም። እኔም ቢሆን እስከ ዛሬ አልመለስኩለትም።

በዚያ ክፍል ጭካኔ አልነበረም። ፍቅር ሞልቶ ነበር፤ የጎደለው ኃላፊነቱ የታወቀ ሰው ነው። ሕጋችንም ይህን ክፍተት አይደፍነውም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በእንስሳት ላይ የሚፈጸምን ጭካኔ በደንብ መተላለፍ ያስቀጣል። ዳሩ ግን ሕግ ጅራፍን ለማየት ይቀናዋል፤ የደረቀ ጣሳን ለማየት ይከብደዋል። እረኛው ልጅ በአንድ ጥያቄ ያነሣውን ነገር መርሐ ትምህርቱ በዘመናት ውስጥ አላነሣውም።

ምናልባት ከእናንተ መካከል ሰው በተቸገረበት አገር ስለ ጥንቸልና ስለ ጊኒ ፒግ መጨነቅ ቅንጦት ነው የሚል ይኖር ይሆናል። እኔም እንዲህ አስብ ነበር። በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ አጣዬ በጥቃት ስትወድም፣ ሕዝቧም ሲፈናቀል፣ አክስቴ ከሸሹት መካከል ነበረች። ካገኘኋት በኋላ ስለ ቤቷ ስጠይቃት መጀመሪያ የነገረችኝ ስለ ቤቱ አልነበረም። «ልጄ፣ የላሚቱን ገመድ ፈትቼው ነው የወጣሁት» አለችኝ። ላሚቱ ትትረፍ አትትረፍ አታውቅም ነበር። በሞትና በሕይወት መካከል ቆማ ሳለች ግን ያሰረችውን መፍታት የእርሷ ፋንታ መሆኑን አልረሳችም። ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ጉዳይ ቅንጦት ብዬ አላውቅም።

ለቀድሞ ተማሪዬ የመለስኩላት መልስ እነሆ። ታሪክ አለን፤ ግን በትምህርት ቤቱ ታሪክ ውስጥ ሳይሆን በእረኛው ታሪክ ውስጥ ነው። በሣጥን ያለ እንስሳ የታሰረ እንስሳ ነው፤ ሣሩንም ውኃውንም ፈልጎ አያገኝም። ስለዚህ እንስሳው ወደ ክፍል ከመግባቱ በፊት ለቅዳሜና ለእሑድ፣ ለዕረፍትና ለክረምት፣ ለሕመምና ለድንገተኛ አደጋ ተረኛው በስም ይጻፍ። የሚስማማው ምግብና ጥላ፣ የሚጎዳኘውም ጓደኛ አስቀድሞ ይዘጋጅለት። ይህን ማድረግ የማይችል ክፍል እንስሳ ባይኖረው ይሻላል፤ ልጆቹ በየደጃቸው ያለውን ከብትና ዶሮ አይተው መጥተው ይጻፉ፣ ይማሩበትም።

እናንተም ነገ መምህራን፣ የመርሐ ትምህርት አዘጋጆችና የትምህርት ኃላፊዎች ትሆናላችሁ። አንድ ሕፃን እጁን አውጥቶ ያን ጥያቄ ሲጠይቃችሁ፣ እንደ እኛ ዝም እንዳትሉ አደራ እላለሁ።