በኢሜይል የተላከው መፍቻ

መኪናው ተበላሽቶበት የሚያውቅ ሰው «ዕቃው የለም» የምትለዋን መልስ አይረሳትም። መካኒኩ ችግሩን አግኝቶታል፣ ሙያውም አለው፤ የጎደለችው አንዲት ትንሽ ብረት ብቻ ናት። ሶማሌ ተራ ይዞራል፣ ዱባይ ላለ ዘመድ ይደወላል፣ አልሆን ሲል አሮጌው ዕቃ ለናሙና ተይዞ ቶርኖ ቤት ይኬዳል። ዛሬ የማወጋችሁ ይኸው ጭንቅ ከምድር 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ፣ ጠፈር ላይ ሲያጋጥም ስለተፈለገለት መላ ነው። (ካልተገለጸ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ከአፖሎ 13 ልጀምር። ኤፕሪል 13 ቀን 1970 (ሚያዝያ 5 ቀን 1962 ዓ.ም.) ወደ ጨረቃ በመጓዝ ላይ የነበረችው መንኮራኩር የኦክስጅን ታንክ ፈነዳ። ጂም ላቭል፣ ጃክ ስዋይገርትና ፍሬድ ሄይዝ ሕይወታቸውን ለማትረፍ ጨረቃ ላይ ለማረፍ ወደተዘጋጀችው ትንሽ መንኮራኩር ተሸጋገሩ። እሷ ግን የተሠራችው ለሁለት ሰው ነው። ሦስት ሰው ሲተነፍስባት የካርቦን ዳይኦክሳይዱ መጠን እየጨመረ ሄደ። በዋናው መንኮራኩር ውስጥ ትርፍ የአየር ማጣሪያ ነበር፤ ነገር ግን የዋናው ማጣሪያ አራት ማዕዘን፣ የትንሿ መንኮራኩር መግጠሚያ ደግሞ ክብ ሆኖ ተገኘ። ሂውስተን የነበሩት መሐንዲሶች ጠፈርተኞቹ እጅ ላይ ያለውን ብቻ ቆጥረው፣ ከላስቲክ ከረጢት፣ ከመመሪያ ደብተር ሽፋን፣ ከጠፈር ልብስ ቱቦና ከፕላስተር ማገናኛ ሠሩ። ከዚያም አሠራሩን አንድ በአንድ በሬዲዮ አነበቡላቸው። ሦስቱም በሕይወት ተመለሱ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ከምድር ወደ ላይ የተላከው ዕቃው ሳይሆን የዕቃው አሠራር ነው። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ጠፈር ላይ ዕቃ የመሥራት ሐሳብ ግን ከዚህም ይቀድማል፤ የጀመሩትም አሜሪካኖች አይደሉም። በኦክቶበር 1969 ሶቪየታዊው ቫለሪ ኩባሶቭ ሶዩዝ 6 ላይ ሆኖ «ቩልካን» በተባለ መሣሪያ በጠፈር የመጀመሪያውን ብየዳ አካሄደ። መሣሪያውን የሠራው ኪየቭ የሚገኘው የፓቶን የብየዳ ተቋም ነው። ከ15 ዓመት በኋላ፣ በጁላይ 1984፣ ስቬትላና ሳቪትስካያ ከሳልዩት 7 ጣቢያ ውጭ ወጥታ በእጅ በሚያዝ መሣሪያ ብረት ቆርጣለች፣ በይዳለችም። በጠፈር የእግር ጉዞ ያደረገች የመጀመሪያዋ ሴት የሆነችው ያኔ ነው። ብረት ያለ ስበትም ቀልጦ እንደሚያያዝ በእነዚህ ሙከራዎች ታወቀ። ብየዳ ግን ያለውን ማያያዝ ነው። የሌለውን ዕቃ ከባዶ ለማውጣት ሌላ ማሽን መጠበቅ ነበረበት።

ማሽኑ የመጣው ስለ ጠፈር ሲያስቡ ካልነበሩ ሰዎች ነው። በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ቻርልስ ሃል ፈሳሽ ነገርን በብርሃን እያደረቁ በንብርብር ዕቃ የመሥራት ዘዴ ፈጠረ። ስኮት ክራምፕ ደግሞ ፕላስቲክ እያቀለጡ እንደ ክር በማፍሰስ፣ አንዱን ንብርብር በሌላው ላይ እየደረቡ የመሥራትን ዘዴ አመጣ፤ ስትራታሲስ የተባለውንም ኩባንያ አቋቋመ። ዛሬ ስሪዲ ፕሪንተር ስንል አብዛኛውን ጊዜ ወደ አእምሯችን የሚመጣው ይህ የክራምፕ ዘዴ ነው። የፈጠራ መብቱ ጊዜ በ2009 አበቃ። ከዚያ በኋላ ርካሽ ማሽኖች ገበያውን ሞሉት። በ2010 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሜድ ኢን ስፔስ የተባለ ትንሽ ኩባንያ ተመሠረተ። ሁለቱ ጊዜያት መግጠማቸው ለእኔ እንዲሁ አጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም።

ይህ ኩባንያ ከናሳ ጋር የሠራው ማሽን በሴፕቴምበር 2014 ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ተላከ። ቡች ዊልሞር የተባለው ጠፈርተኛ ተከለው። ኖቬምበር 24 ቀን 2014 (ኅዳር 15 ቀን 2007 ዓ.ም.) የመጀመሪያው ዕቃ ታተመ፦ የራሱ የማሽኑ አንድ ክፍል ሽፋን ነበር። በታኅሣሥ ደግሞ ዓለምን ያስገረመው ነገር መጣ። ምድር ላይ የብሎን መፍቻ ተነደፈ፣ ተፈተሸ፣ ፋይሉም ወደ ጣቢያው ተላከ። ከንድፉ እስከ መላኩ አንድ ሳምንት እንኳ አልፈጀም። ማሽኑ በ104 ንብርብር፣ በአራት ሰዓት ገደማ አትሞ አወጣው። ጋዜጦች «መፍቻ በኢሜይል ተላከ» ብለው ዘገቡ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን ብዙም አልተወራለትም። መፍቻው ጣቢያው ላይ ብሎን ሊፈታ አልዋለም። በ2015 ከሌሎቹ ናሙናዎች ጋር ወደ ምድር ተመልሶ፣ አላባማ በሚገኘው የናሳ ማርሻል ማዕከል ምድር ላይ ከታተመው መንትያው ጋር ተነጻጸረ። ጥያቄው «መሥራት ይቻላል ወይ?» ብቻ ሳይሆን «የተሠራውን ማመን ይቻላል ወይ?» ጭምር ነበር። ምርመራው ስበት ማጣቱ በሥራው ላይ ጎልቶ የሚታይ ጉዳት እንዳላመጣ አሳየ። ይህን ለማለት ግን ላብራቶሪ፣ ባለሙያና ትዕግሥት አስፈልጓል።

ከዚያ ወዲህ የተሻለ ማሽን በ2016 ተተከለ። በ2024 መጀመሪያ የአውሮፓ የጠፈር ኤጀንሲ ኤርባስ የሠራውን የብረት ማተሚያ ላከ። 180 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ የማይዝግ የብረት ሽቦን በሌዘር ያቀልጣል። የጋለው ብረት እንዳይበላሽ በውስጡ ያለው አየር ወጥቶ በናይትሮጅን ይተካል። በኦገስት 2024 በጠፈር የመጀመሪያው የብረት ዕቃ ታትሞ አለቀ። እሱም ለምርመራ ወደ ምድር የሚመለስ ናሙና ነበር።

ሁሉም ግን አልተሳካም። ናሳ በ2019 ጠፈር ላይ ረጃጅም የመንኮራኩር ክንዶችን የሚያትም ተልዕኮ እንዲሠራለት ለሜድ ኢን ስፔስ የ73.7 ሚሊዮን ዶላር ውል ሰጥቶ ነበር። ፕሮጀክቱ ሳይመጥቅ በ2023 ተዘጋ።

አንድ አጋጣሚ ደግሞ ልንገራችሁ። የብረቱ ዕቃ በታተመበት በኦገስት 2024 ቡች ዊልሞር እንደገና ጣቢያው ላይ ነበር። ከሱኒታ ዊሊያምስ ጋር ለስምንት ቀን ያህል ብለው የሄዱበት የቦይንግ ስታርላይነር ሂሊየም እያፈሰሰ፣ አንዳንድ መግፊያዎቹም እየከዱት፣ ሰው ሳይጭን እንዲመለስ ተወሰነ። ሁለቱ ወደ ምድር የተመለሱት ከ286 ቀን በኋላ በሌላ መንኮራኩር ነው። የመጀመሪያውን ማተሚያ የተከለው ሰው፣ የብረት ማተሚያ አጠገቡ እየሠራ፣ የመጣበትን መንኮራኩር ሊያስተካክል አልቻለም።

ይህን የምለው ማሽኑን ለማንቋሸሽ አይደለም። ወደ ማርስ የሚሄድ ሰው ለወራት ይጓዛል፤ መሐል መንገድ ላይ ዕቃ ቢሰበር ማንም አይደርስለትም። ማተሚያ ይዞ መሄዱ ግድ ነው። እኔ የምከራከረው «ማሽኑ ካለ ጥገኝነት ቀረ» ከሚለው ወሬ ጋር ነው። የጠፈር ጣቢያው ማተሚያ አለው፤ ፕላስቲኩና ሽቦው ግን ከምድር ይጫንለታል፣ ንድፉ ከምድር ይላክለታል፣ የሠራውም ዕቃ ምድር ላይ ይፈተሽለታል። አፖሎ 13ን ያዳነውም ፕላስተሩ ብቻ አልነበረም። ሂውስተን ውስጥ የእያንዳንዱን ቱቦ ልክ የሚያውቁና የሠሩትን አስቀድመው የሚሞክሩ ሰዎች ስለነበሩ ነው።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ በጠፈርም ሆነ በምድር «ይህን ያህል ማሽን ተገዛ፣ ከእንግዲህ መለዋወጫ እዚሁ እናመርታለን» የሚል ዜና ስትሰሙ ሦስት ጥያቄ ጠይቁ። ንድፉ በማን እጅ ነው? ጥሬ ዕቃው ከየት ይመጣል? ዕቃው እንደማይሰበር መርምሮ የሚፈርመው ማን ነው? መልሱ ሦስቴም «ሌላ ሰው» ከሆነ፣ የተገዛው ማሽን እንጂ ነጻነት አይደለም።

ቸር እንሰንብት።