ከአዲስ አበባ እስከ ከሚሴ፤ ርቀትና የጉዞ ጊዜ በታሪክ ሲመዘን

«ከዚህ እስከዚያ ምን ያህል ይርቃል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱ አንድ ቁጥር ብቻ ይመስለዋል። እኛ ግን የከሚሴን ጎዳና አብነት አድርገን በዚህ አጭር ጥናት ለማስረዳት የምንሞክረው፣ ርቀትን የሚወስነው የመጓጓዣው ፍጥነት ብቻ ሳይሆን የመንገዱ ደኅንነትና ለሕዝብ ክፍት መሆኑ ጭምር እንደሆነ ነው።

ከአዲስ አበባ እስከ ከሚሴ በመኪና መንገድ 325 ኪሎሜትር ያህል ነው፤ ከዚያ እስከ ኮምቦልቻ 50 ያህል ይጨመርበታል። አይሮፕላን ግን ከአዲስ አበባ ወደ ኮምቦልቻ በቀጥታ ቢበር የሚያቋርጠው 250 ኪሎሜትር ገደማ ነው። የልዩነቱ ምክንያት የመሬቱ አቀማመጥ ነው። መንገዱ በደብረ ብርሃን አልፎ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጣርማ በር እየተጠማዘዘ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ ከሚሴ የምትገኘው 1,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ነውና።

የቀድሞው ሲራራ ነጋዴ ከነጭነቱ በቀን 30 ኪሎሜትር ቢጓዝ፣ 400 ኪሎሜትር ያህል የሚሆነው የደሴና የአዲስ አበባ መንገድ ሁለት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። በ1928 ዓ.ም. የሞተር ኃይል ይህን ስሌት ምን ያህል እንደለወጠው እንመልከት። ኅዳር 26 ቀን የኢጣልያ አይሮፕላኖች ንጉሠ ነገሥቱ በነበሩባት በደሴ ላይ ቦምብ ጣሉ። በሚያዝያ 18 ቀን ደግሞ የማርሻል ባዶሊዮ ጦር በ1,700 ያህል መኪናዎች ከደሴ ተነሥቶ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ። ጭቃው፣ ዝናሙና በጣርማ በር የፈረሰው መንገድ ስላዘገዩት፣ ያ ሁሉ ሞተር በቀን ያስኬደው 40 ኪሎሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ይህም ከበቅሎ ጉዞ ብዙ አይበልጥም። ወራሪው በኋላ መንገዱን ያሠራውና የጣርማ በርን ዋሻ ያስፈለፈለው ለጦሩ ነበር፤ ከነፃነት በኋላ ግን ለነጋዴውና ለመንገደኛው አገለገለ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ተቋቋመ። ዛሬ ከአዲስ አበባ እስከ ኮምቦልቻ ያለው በረራ አንድ ሰዓት ገደማ ነው። ሆኖም የከሚሴ ሰው ከኮምቦልቻ ወርዶ ወደ ኋላ 50 ኪሎሜትር በመኪና መመለስ አለበት፤ በአይሮፕላን ማረፊያ የሚጠብቀውም ጊዜ ሳይቆጠር መቅረት የለበትም። በእሑድ ወደ ሰንበቴ፣ በሰኞም ወደ ባቲ ገበያ እህልና ፍየል ለሚወስደው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ገበሬ ደግሞ የበረራው ሰዓት ምንም አይፈይድለትም፤ የእርሱ ርቀት የሚለካው በመንገዱ ነው።

በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ኮምቦልቻና ከሚሴ ሲደርስ መንገዱም ተዘጋ፣ በረራውም ተቋረጠ። ኪሎሜትሩ አልተለወጠም፤ ነገር ግን ዘመዱን ለመጠየቅ ለሚሻ ሰው ከሚሴ ከባሕር ማዶ አገር ይልቅ ራቀች።

ስለዚህ የጉዞን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ኪሎሜትርንና ሰዓትን ከመዘገበ በኋላ፣ መንገዱ ለማን እንደተሠራና መቼ እንደተዘጋ መጠየቅ የሚገባው ይመስለናል።