ከጣዖት ስም ወደ ክርስትና ስም፦ መርቆሬዎስ፣ ዲሜጥሮስ፣ እሌኒ

እ.ኤ.አ. በ533 መባቻ ሮም አዲስ ጳጳስ አገኘች። ተሿሚው በከተማዋ በቅዱስ ቀሌምንጦስ ቤተ ክርስቲያን ያገለግሉ የነበሩ ቄስ ሲሆኑ፣ ስማቸው መርኩሪዮስ ይባል ነበር። ችግሩ የመጣውም ከዚሁ ስም ነው። መርኩሪዮስ ሮማውያን ለዘመናት መሥዋዕት ያቀረቡለት የንግድና የመንገድ አምላክ ነው። ግሪኮች ሄርሜስ ይሉታል፤ የዜውስ ልጅና መልእክተኛ ነው። በጴጥሮስ መንበር ላይ የጣዖት ስም መጠራት የለበትም ተብሎ ጳጳሱ ዮሐንስ ዳግማዊ ተባሉ። ሲሾሙ ስማቸውን በመቀየር ከሮም ጳጳሳት የመጀመሪያው እሳቸው ናቸው።

ይኸው ስም እኛ ዘንድ ሲደርስ የገጠመው ዕጣ ሌላ ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ኅዳር 25 ቀን የሰማዕቱን የመርቆሬዎስን በዓል ታከብራለች። አራተኛው ፓትርያርክ፣ ለረጅም ዓመታት በስደት ቆይተው በ2010 ዓ.ም. ከአሜሪካ ወደ አገራቸው የተመለሱትና በ2014 ዓ.ም. ያረፉት አባት፣ አቡነ መርቆሬዎስ ነበሩ። ሮም ውስጥ ለጵጵስና አይሆንም የተባለው ስም አዲስ አበባ ላይ በፓትርያርክ መንበር ተቀመጠ፤ ይህም ማንንም አላስደነገጠም።

የማያስደነግጠን ስሙ ሲጠራ ፊታችን የሚመጣው ሰማዕቱ ስለሆነ ነው። መርቆሬዎስ በሦስተኛው መቶ ዘመን፣ በንጉሠ ነገሥት ዳኬዎስ ጊዜ፣ ለጣዖት አልሠዋም ብሎ አንገቱን የሰጠ ወታደር ነው። በአብያተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ነጭ ፈረስ የሚጋልበው ጊዮርጊስ ሲሆን፣ ጥቁሩን ፈረስ የሚጋልበው መርቆሬዎስ ነው። ጦሩ ወደ ታች ወርዷል፤ ከፈረሱ እግር ሥር ዘውድ የጫነ ሰው ወድቋል። አንዳንድ ሥዕሎች ላይ ፊታቸው የውሻ የሆነ ሁለት ፍጡራን ይከተሉታል። የወደቀው ንጉሥ ዑልያኖስ ነው፤ ክርስትናን ትቶ የግሪክን አማልክት አምልኮ ሊመልስ የተነሣውና እ.ኤ.አ. በ363 ከፋርስ ጋር ሲዋጋ የሞተው። እንደ ትውፊቱ ቅዱስ ባስልዮስ በመርቆሬዎስ ሥዕል ፊት ሲጸልይ ሰማዕቱ ከሥዕሉ ተሰወረ፤ ሲመለስም የጦሩ ጫፍ ደም ነክቶት ነበር። እንግዲህ የአማልክቱን ዘመን ሊመልስ የሞከረውን ንጉሥ ገደለው የሚባለው፣ ከአማልክቱ የአንዱን ስም የተሸከመ ክርስቲያን ነው። ከዚህ የሚበልጥ የስም ታሪክ አላውቅም።

ነገሩ በመርቆሬዎስ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። የጥንት ግሪኮች የልጅን ስም ከአምላክ ስም ማዛመድ ይወዱ ነበር፤ እኛ ገብረ ሚካኤል፣ ወለተ ማርያም እንደምንለው። የዴሜትር የሆነው ዲሜጥሮስ ነው፤ የዲዮኒሶስ የሆነው ደግሞ ዲዮናስዮስ። አጵሎስ የሚለው ስም ከአፖሎ፣ አፍሮዲጡ የሚለውም ከአፍሮዳይት የወጣ ነው። አንባቢ ልብ እንደሚለው እነዚህ ሁሉ በሐዲስ ኪዳን የምናገኛቸው ስሞች ናቸው። በኤፌሶን የአርጤምስን ምስል ቤት ከብር እየሠራ በጳውሎስ ላይ ሕዝቡን ያነሣሣው አንጥረኛ ዲሜጥሮስ ነበር፤ አቴና ላይ ጳውሎስን ሰምቶ ያመነው የአርዮስፋጎስ ሰው ደግሞ ዲዮናስዮስ።

ከሁሉም የሚገርመኝ የራሱ የጳውሎስ ነገር ነው። በልስጥራን ሕዝቡ በርናባስን ዜውስ፣ እሱን ሄርሜስ ብሎ ኮርማ ሊሠዋላቸው ሲመጣ፣ ሁለቱም ልብሳቸውን ቀደው እየጮኹ ከለከሉ። ወደ ሮም በላከው መልእክት መጨረሻ ላይ ግን በዚያው በሄርሜስ ስም ለሚጠራ ክርስቲያን ሰላምታ ያቀርባል። እዚያው ላይ እኅታችን ብሎ አደራ የሚላት ፌቤንም ስሟ ከግሪክ ተረት የተገኘ ነው። ስማችሁን ቀይሩ አላላቸውም። ልብሱን ያስቀደደው አምልኮው ነበር፤ የሰው መጠሪያ ሲሆን አላስቸገረውም።

ዲሜጥሮስ የሚለውን ስም ለኢትዮጵያውያን ያስወደደው ሌላ ሰው ነው። ዴሜትር የእህልና የመከር አምላክ ናት። እ.ኤ.አ. ከ189 ጀምሮ ከአርባ ዓመት በላይ የእስክንድርያ ፓትርያርክ የነበረው ዲሜጥሮስም፣ እንደ ትውፊቱ፣ ፊደል ያልቆጠረ ወይን ተካይ ገበሬ ነበር። ከእሱ በፊት የነበረው ፓትርያርክ ሊያርፍ ሲል፣ ያለ ወቅቱ ወይን ይዞ የሚመጣው ሰው ይተካሃል ተብሎ በራእይ ተነገረው። ገበሬው የወይን ዘለላውን ይዞ ገባ። ቤተ ክርስቲያናችን ባሕረ ሐሳብን ለዚህ ሰው ትሰጣለች። ወንጌላዊው፣ አበቅቴውና መጥቅዑ፣ የነነዌ ጾም መግቢያ፣ የዐቢይ ጾምና የትንሣኤ ቀን የሚወጡት በዚህ ስሌት ነው። ካህኑ በዘመን መለወጫ ማለዳ የዓመቱን በዓላትና አጽዋማት ሲያውጅ፣ ዲሜጥሮስ ማለት ባሕረ ሐሳብ ነው፤ ዴሜትርን የሚያስታውስ የለም።

አክሱምም ከዚህ ታሪክ ሩቅ አልነበረችም። ንጉሥ ዒዛና ክርስትናን ከመቀበሉ በፊት ባስቀረጸው የግሪክኛ ጽሑፍ ራሱን የማይሸነፈው የአሬስ ልጅ ይላል፤ አሬስ የግሪኮች የጦርነት አምላክ ነው። በግዕዙ ላይ በዚያ ቦታ የቆመው ማሕረም የሚባለው የአገሩ አምላክ ነው። ካመነ በኋላ ባስጻፈው ላይ አሬስም ማሕረምም የሉም።

የእኛ ሰው ግን ከግሪክ ተረት ስሞች ሁሉ አብዝቶ የሚያወጣው ሄለን የሚለውን ነው። በአዲስ አበባ ሄለን የሌለችበት የክፍል ስም ዝርዝር ማግኘት ይከብዳል። በሆሜር ትረካ ሄለን የዜውስ ልጅ ናት፤ የትሮይ ጦርነት የተነሣው በእሷ ምክንያት ሲሆን፣ በስፓርታ አጠገብ እንደ አምላክ ትመለክ ነበር። የስሙን ትርጉም የቀየረችው የቆስጠንጢኖስ እናት ንግሥት እሌኒ ናት። መስከረም 16 ደመራ ሲበራ የምናስበው የእሷን መስቀል ፍለጋ ነው። የእኛዋ ንግሥት እሌኒም አለች፤ ከሐድያ ገዢ ቤት ተወልዳ፣ ለብላቴናው ንጉሥ ለልብነ ድንግል ሞግዚት ሆና አገር ያስተዳደረችው። የላከችው መልእክተኛ ማቴዎስ እ.ኤ.አ. በ1514 ሊዝበን ደርሷል። ሄለንም እሌኒም አንድ ስም ናቸው።

ዛሬ በአሜሪካም በአውሮፓም ወላጆች ልጆቻቸውን አቴና፣ ፔኔሎፔ፣ አትላስ እያሉ ይሰይማሉ። በዚያ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ወላጅም መምህሩም አያቱም የማይሰብሩት ስም ሲፈልግ ዓይኑ እዚያ ላይ ቢያርፍ አያስደንቅም። አንድሮሜዳ በተለይ ልብ ታማልላለች፤ በተረቱ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናትና። እሷም፣ አባቷ ሴፌየስም፣ እናቷ ካሲዮፔያም ዛሬ የከዋክብት መጠሪያ ናቸው። ታሪኩ ግን እናቷ በመልክ ስለተመካች ልጅቱ ለባሕር አውሬ ከዓለት ላይ በሰንሰለት መታሰሯን ይተርካል። ግሪኮች ኢትዮጵያ ሲሉም የዛሬዋን አገር ለይተው አልነበረም፤ ዓለቱን ኢዮጴ ላይ የሚያደርጉ ነበሩ።

እኔ ከግሪክ ተረት ስም ማውጣትን አልቃወምም፤ መርቆሬዎስን የሚያከብር ሕዝብ ሊቃወም አይችልም። ሄለንን የምታወጡ ወላጆች ከጀርባዋ ንግሥታት አሉላችሁ። አንድሮሜዳን ወይም ካሳንድራን የምታወጡ ግን ልጃችሁ ታሪኩን ለብቻዋ ነው የምትሸከመው። ካሳንድራ እውነተኛ ትንቢት ተናግራ ማንም ያላመናት ሴት ናት። ሜዲያም ለጆሮ ደስ ትላለች፤ የገዛ ልጆቿን የገደለች እናት ናት። ስለዚህ ስሙን በልደት የምስክር ወረቀት ላይ ከማስጻፋችሁ በፊት ተረቱን እስከ መጨረሻው አንብቡት። ልጃችሁ አድጋ ስትጠይቃችሁ የምትነግሯት እሱን ነው።