አንበጣው ያልደረሰበት ምግብ

ልጅ ሳለሁ፣ መጥምቁ ዮሐንስ በበረሃ አንበጣ ይበላ ነበር ሲሉኝ እስቅ ነበር። ስለ ክፉ ቀን ሳነብ ሳቁ ጠፋ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ‹‹ደስታ›› የሚሉት በሽታ በሬውን፣ ድርቅና አንበጣ ደግሞ ማሳውን ጨረሱት። ሰው የዱር ሥርና ቅጠል ለቀመ። እህል አምራቹ አገር ያለው እሱኑ ነበራ!

ጌዴኦ፣ ወርቃ አንድ ጓሮ ስገባ ልዩነቱ ገባኝ። የእንሰት ቅጠሉ ቢበላ እንኳ ቆጮው ግንዱ ውስጥ፣ አሚቾው ከመሬት በታች ነው፤ ለዓመታት ቆሞ ይጠብቃል።

ግን ተሸክመኸው አትሸሽም። በ2010 ዓ.ም. ከምዕራብ ጉጂ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ጌዴኦዎች ሲፈናቀሉ እንሰቱ እዚያው ቀረ፤ የተከለው ሰው የእርዳታ እህል ሲጠብቅ።