«ሥዕለ ድምፅ» ይባል

ከሮክ ዘፈኖች የድምፅ ሞገድ በኮምፒውተር የሚሠሩ ሥዕሎችን «የድምፅ ማዕበል ጥበብ» ብሎ መጥራት እየተለመደ ነው። «የዓለት ሙዚቃ አኃዛዊ የድምፅ ማዕበል ኪነ ጥበብ» የሚልም አጋጥሞኛል። ሰባት ቃላት ተደርድረው ነገሩን አልነኩትም። ስያሜው ሥር ሳይሰድ ማረም የሚቻለው ደግሞ አሁን ነው።

«ዓለት»ን ቶሎ ልሸኘው። ሮክ የተባለው ሙዚቃ ስሙን ያገኘው ከመወዛወዝ ነው፤ ድንጋይ የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ አነጋገሩ ስለገጠመ ብቻ ተርጓሚውን አሳስቶታል። ጃዝን ጃዝ፣ ሬጌን ሬጌ ብለን ተቀብለናል፤ ሮክም ሮክ ይባል። ቃል መዋስ አማርኛን አያሳፍረውም።

ከባዱ ስሕተት «ማዕበል» ነው። ማዕበልም ሞገድም ከግእዝ የወረስናቸው የውሃ ቃላት ናቸው፤ አማርኛ ግን ሥራ አከፋፍሏቸዋል። ማዕበል መርከብ ያሰጥማል፣ ዳርቻ ያጥለቀልቃል፤ «የሕዝብ ማዕበል» የምንለውም ሆ ብሎ የወጣውን፣ የማይገታውን ነው። ሞገድ የሚመላለስ፣ የሚቆጠርና የሚለካ ነው። የፊዚክስ መጻሕፍታችን የድምፅ ሞገድ፣ የብርሃን ሞገድ የሚሉት በምክንያት ነው። ከመጽሐፉ ይበልጥ ደግሞ ሬዲዮ አስተምሮናል፤ የአሜሪካ ድምፅንና የጀርመን ድምፅን የአማርኛ ስርጭት በአጭር ሞገድ እየፈለገ ያዳመጠ ሰው «አጭር ማዕበል» ሲባል ጆሮውን ይቆረቁረዋል። በቀበሌው፣ በገጠሩ ሳይቀር የታወቀ ቃል እያለን ሌላ ፍለጋ መውጣት ለምን አስፈለገ?

እንግዲያው «የሞገድ ሥዕል» ብንለውስ? መጀመሪያ ላይ ልቤ ወደዚህ አድልቶ ነበር። ነገር ግን በሮክ ዓለም እጅግ የታወቀውን የሞገድ ሥዕል እናስብ፤ ጆይ ዲቪዥን የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በ1979 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው «አንኖውን ፕሌዠርስ» አልበም ሽፋን፣ በጥቁር መደብ ላይ የተደራረቡት ነጭ መስመሮች። ብዙ ሰው የዘፈን ድምፅ ይመስለዋል። መስመሮቹ ግን በ1967 ከተገኘች ፑልሳር ከምትባል ኮከብ የመጡ የሬዲዮ ሞገዶች ናቸው፤ ፒተር ሳቪል ነው ከሥነ ፈለክ መጽሐፍ የተገኘውን ምስል ለሽፋን ያዋለው። «የሞገድ ሥዕል» ያችን ኮከብም፣ የባሕር ዳርቻ የሚሥለውንም ሠዓሊ አንድ ላይ ይጠቀልላል። ስያሜው «ድምፅ»ን መያዝ አለበት።

«የድምፅ አሻራ» የሚሉም አሉ። ያምራል፤ ግን ስልክ አንድን ዘፈን ሰምቶ ማንነቱን የሚለይበት ዘዴ አሻራ የሚለውን ስም ቀድሞ ይዞታል። «የድምፅ ጽሕፈት» የሚለው ታሪክ አለው። ፈረንሳዊው ኤዱዋር ሌዎን ስኮት ደ ማርተንቪል በ1857 ድምፅ ጥላሸት በተቀባ ወረቀት ላይ ራሱን እንዲጭር የሚያደርግ መሣሪያ ፈጥሮ ነበር፤ በ1860 የጫረው ዘፈን በኮምፒውተር ተነብቦ የተሰማው በ2008 ነው። ሆኖም ጽሕፈት ለእኛ ሌላ ነገር ነው። የድጓው ምልክት ዘማሪው ምን ማድረግ እንዳለበት ይነግረዋል፤ ሞገዱ የሚያሳየው የተደረገውን ነው።

«ምስል» ወይስ «ሥዕል»? ክርክሩ የሚጥመው እዚህ ላይ ነው። ምስል ከ«መሰለ» ይወጣል፤ ሥዕል ከግእዙ «ሠዐለ»፣ ከሠዓሊው እጅ። ዘፈን በሲዲ ሲቀመጥ ድምፁ በሰከንድ 44,100 ጊዜ እየተለካ ቁጥር ይሆናል፤ ፕሮግራሙ ቁጥሮቹን ከፍ ዝቅ በሚል መስመር ያሳያል። ይህ ምስል ነው፤ አንድን ቅጂ በአንድ ፕሮግራም የከፈተ ሁሉ ያንኑ ያያል። ሜታሊካ የተባለው የሮክ ባንድ አልበም «ዴዝ ማግኔቲክ» በ2008 ሲወጣ ድምፁ እስከ ጫፉ ተገፍቶ ስለነበር የሞገዱ ቅርጽ ከፍታና ዝቅታው ጠፍቶ ድፍን ግንብ መስሎ ታየ። አድማጮች በጊታር ሂሮ የቪዲዮ ጨዋታ ከቀረበው ቅጂ ጎን አድርገው ሙዚቃው እንዴት እንደታፈነ አሳዩበት። ማስረጃ ነበር፤ «ጥበብ ነው» ያለ ሰው አልነበረም። እንግሊዛዊው ቲም ዌክፊልድ ግን ያንኑ ዓይነት መስመር ይዞ ቀለም ይመርጣል፣ ያነባብራል፣ ይተዋል፤ ሙዚቀኞቹም በሥራዎቹ ላይ እየፈረሙ ለበጎ አድራጎት ይሸጣሉ። ያ ሥዕል ነው። መሣሪያው ኮምፒውተር ስለሆነ ሠዓሊነቱ አይቀርም፤ «ዲጂታል» የሚለውንም በየጊዜው መለጠፍ አያስፈልግም።

እኔ የምመርጠው «ሥዕለ ድምፅ» ነው። «ድምፀ ሥዕል» እንዳይባል አደራ። በግእዝ ስም ሲዛረፍ ባለቤቱ ይቀድማል፣ ዘርፉ ይከተላል፤ ቤተ መጻሕፍት የመጻሕፍት ቤት ነው፣ ሥዕለ ማርያም የማርያም ሥዕል ናት። «ድምፀ ሥዕል» ያልን እንደሆነ ሥዕሉን አናገርነው ማለት ነው።

ግእዝ ይከብዳል የሚል ካለ ርእሰ አንቀጽ፣ ሥነ ጽሑፍ፣ ቤተ ሰብ ሲል አፉን አልያዘውም። በዚህ ስልት የተሠራ ቃል ሌላ ቃል መውለዱም ትልቅ ጥቅሙ ነው። «የድምፅ ማዕበል ጥበብ» የሚሠራውን ሰው ምን እንበለው? «የድምፅ ማዕበል ጥበበኛ»? ከ«ሥዕለ ድምፅ» ግን፣ ጸሓፌ ተውኔት እንደምንለው ሁሉ፣ «ሠዓሌ ድምፅ» ያለ ድካም ይወጣል። ሲበዛ «ሥዕለ ድምፆች» እንበል፤ ዘፈኑን መጥቀስ ሲያስፈልግም «የእገሌ ዘፈን ሥዕለ ድምፅ» ይበቃል። «የሞገድ ቅርጽ» ለድምፅ ባለሙያው ይቀመጥ፤ እሱ የሚለካውን ይጠራበታል።